ንብ ያረፈበት የሰማይ ጆሮ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ሳለን መምህራችን ድርሰት ቢያዙን አንድ መስመር ጻፍኩና ሰው እንዳያየው በክንዴ ሸፍኜው ደወል እስኪደወል ተቀመጥኩ። ትምህርቴም እዚያው ክፍል ላይ አበቃ። ያችን አንድ መስመር እንደ ጽሑፍ የሚቆጥርብኝ ካለ ውሸታም ነኝ።

አሁን የተነሳሁት በታናሽ እህቴ ምክንያት ነው። ይህን ታሪክ በየሠርጉና በየክርስትናው ታወራዋለች፤ ባወራችው ቁጥር መንጋው እየገዘፈ ይሄዳል። ባለፈው ጥምቀት ስሰማት ንቡ የሰቆጣን ፀሐይ ጋርዷት ነበር። ሳይብስበት እንደነበረው ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ቤታችን ከሰቆጣ ዳር፣ ራሰ በራ ኮረብታ ላይ ነው። አንድ ዛፍ የለበትም። ነፋሱ ደህና አመሻችሁ ሳይል በሩን ከፍቶ ይገባል። ሰው ሁሉ አባቴን "እዚህ ምን ልትሆን ቤት ሠራህ?" እያለ ያበሽቀዋል። "አማቴ ስትመጣ ከሩቅ እንድትታየኝ" ይላል እሱ፣ እናቴ እየሰማች።

አባቴ ከሁሉ የሚወደው ሬዲዮና ንብ ነበር። እናቴ ሦስተኛ መሆኗን ታውቃለች። "ምን ላርግ፣ እኔ ማር አልሠራ፣ ዜና አላወራ" ትለዋለች።

ልጅ ሳለሁ ሬዲዮኑ በቆዳ ማንገቻው ምሰሶው ላይ ይንጠለጠል ነበር። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ፀሐይ ጠልቃ ጥቂት ቆይቶ፣ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት፣ የሚያወራው ሰውዬ ድምፁ ይዋልላል፤ ይርቃል፣ ይቀርባል፣ ወንዝ ማዶ ሆኖ የሚጣራ ሰው ይመስላል፤ ከዚያ ጭራሽ ይጠፋል። አባቴ ግን አይናደድም። "ጣቢያው እራት ሊበላ ገባ" ይለናል። ቶሎ ከተመለሰ "ዛሬ ጾም ነው"፣ ከዘገየ ደግሞ "ሥጋ አግኝቷል"። እኔ ይህን ልብ እስክገዛ ድረስ አምኜ ኖሬያለሁ።

ጣቢያው ሄዶ ይመለሳል፤ ንቡ ግን ሄዶ ቀረ። በድርቁ ጊዜ አበባ ጠፋና የአባቴ ቀፎዎች ተራ በተራ ባዶ ሆኑ። እሱ ግን በየመስከረሙ ባዶዎቹን ያወርዳቸዋል፣ በወይራ ጭስ ያጥናቸዋል፣ በጠጅ ሳር ያሻቸዋል፣ መልሶ ከጣሪያው ጥግ ይሰቅላቸዋል። የሸፈተ መንጋ ሽታውን ወዶ ይገባል ተብሎ ነው። "ዘንድሮስ? ዝንብ እንኳ ገባልህ?" ይሉታል ጎረቤቶች። አብሯቸው ይስቃል። ቤት ሲገባ ግን አይስቅም።

አዲሱ ሚሊኒየም ሊገባ በቀረበበት በጋ አንድ ዶክተር ከሾፌራቸው ጋር ኮረብታችን ላይ ወጡ። እናቴ "ዶክተር" ሲባል ሰምታ የታመመ ጉልበቷን ልታሳይ ወጥታ ነበር። የሰማይ ዶክተር ናቸው ሲሏት ቅር ብሏት ገባች። እሳቸው በግቢያችን መሐል ቆመው ዙሪያውን ተመለከቱና "እንዴት ያለ ግሩም ቦታ ነው! ምንም የለበትም እኮ!" አሉ።

አባቴ በዕድሜው ሙሉ ይህን ቦታ ያመሰገነለት ሰው አይቶ ስለማያውቅ፣ ከዚያ በኋላ ምንም ቢጠይቁት እሺ ሊል ነበር። የጠየቁትም ከቤቱ ጎን ረጅም የብረት ቧንቧ በሲሚንቶ ለመትከልና ጫፉ ላይ የተደፋ ጎድጓዳ ሰሃን የሚመስል ነጭ ነገር ለመግጠም ነው።

"ምን ያደርጋል?" አላቸው አባቴ።

"ያዳምጣል" አሉ። "ከደመናው በላይ፣ ከአውሮፕላኑም በላይ፣ ፀሐይ ቀን ቀን የምታሞቀው አንድ ሽፋን አለ። አዮኖስፌር ይባላል። ሳተላይት ሁለት ምልክት እኩል ይልካል፤ ያንን ሽፋን አልፈው ሲመጡ ግን እኩል አይደርሱም። አንደኛው በምን ያህል እንደዘገየ ስንለካ ሽፋኑ ምን ያህል እንደወፈረ እናውቃለን።"

አባቴ አገጩን እያሻሸ አሰበና "ገባኝ" አለ። "ሁለት ሰዎች ከአምደወርቅ እኩል ተነስተው አንደኛው አምሽቶ ሰቆጣ ከገባ፣ መንገዱ ላይ ምን ያህል ጠላ ቤት እንዳለ ይታወቃል።"

ዶክተሩ እስኪያለቅሱ ሳቁ። ሾፌሩም ሳቀ፤ ኋላ እንደሰማነው አምደወርቅ አማቾች ነበሩት።

"ማታ ማታስ ሬዲዮዎ አይጠፋብዎትም?" ብለው ጠየቁት።

"እራት ሊበላ እየገባ ነው እንጂ!"

"በሉ እራቱን ልንገርዎት። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ሽፋን እንደ ተጣደ ወተት ይረበሻል፣ አረፋ ይሠራል። የሬዲዮዎ ሰውዬ እሱ ውስጥ ነው የሚሰምጠው። የእኛ አገር ሰማይ ላይ ደግሞ ይብሳል። ከብዙ ቦታ ለክተን በኮምፒውተር ካርታውን እንሠራለን፣ ነገ እንዴት እንደሚሆንም አስቀድመን ለመናገር እንሞክራለን። ግን ካርታው በእናንተ በኩል ባዶ ነው። ባዶውን በግምት ነው የምንሞላው።"

"ግምትማ እኛም እንገምታለን" አለ አባቴ። "ለዚህ ይህን ያህል መማር ያስፈልጋል?"

"ለዚህ አይደል መጥተን የለመንዎት!"

ከነጩ ነገር በገመድ የተያያዘው የማሽኑ ሳጥን መደቡ ሥር ገባ። ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መስኮት አለው፤ ከጣሪያችን በላይ በዚያች ሰዓት ምን ያህል ሳተላይት እንደሚሰማ ይናገራል። ጠባቂ ያስፈልገዋል። የፀሐይ ሰሌዳውን አቧራ የሚጠርግ፣ ቁጥሩን የሚያይ፣ የሞላውን ፍላሽ በየወሩ በወልዲያ አውቶቡስ የሚልክ።

"ልጄ አለች" አለ አባቴ። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ። "ቁጥር ታነባለች። እጇ ንጹሕ ነው። ከቤት አትወጣም። አንድ ጉድለት ብቻ አለባት፤ አትናገርም።"

"ታዲያ ጥሩ አይደል! በየቅዳሜው እደውላለሁ፣ በስልክ ትነግረኛለች" አሉ ዶክተሩ። አባቴ ያለውን የሰሙት አልመሰለኝም።

ከዚያ በፊት "ጠብቂ" ተብዬ የተሰጠኝ ዶሮ ብቻ ነበር። እሱንም ጭልፊት ወስዶብኛል። አሁን ግን ቧንቧው ጫፍ ላይ የተደፋው ነጭ ቆብ ተሰጠኝ። ጠዋት ጠዋት ከሁሉ በፊት መደቡ ሥር ጎንበስ ብዬ ቁጥሩን አያለሁ። ከላያችን በዝምታ የሚያልፉ እንዳሉ፣ የእኛም ቤት እነሱን እንደሚሰማ ሳስብ ደስ ይለኝ ነበር። ዝም የሚሉ ነገሮች እንደ እኔ ናቸው ብዬ ይሆናል። አባቴ ቆቡን "የሰማይ ጆሮ" ብሎ ስም አወጣለት፤ እኔን ደግሞ "የጆሮ ሐኪም"።

ስልኩ ያለው ቁልቁል ወርደን መንገዱ ዳር ከሚገኘው ሱቅ ነው። ባለሱቋን እታለም ብዬ ነው የምጠራት፣ ከታላቅ እህት ስለማትተናነስ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ስልኩ ጮኸ። እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። ዶክተሩ "ሄሎ፣ ሄሎ" ይላሉ፤ እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ እተነፍሳለሁ።

"አንቺ ልጅ፣ ሰውዬው ንፋስ እየሰሙ ነው!" ብላ እታለም እጀታውን ነጠቀችኝ። "ለእኔ በጆሮዬ ንገሪኝ።"

በጆሮዋ ነገርኳት። እሷ ከጫካ ማዶ ያለ ሰው የምትጠራ ይመስል "ዶክተር! ደህና ነው ትላለች! አቧራውን ጠርጌያለሁ ትላለች!" ብላ ጮኸች። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ሰሙ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ በሹክሹክታ የነገርኳትን ሁሉ እሷ ለዶክተሩም ለሰቆጣም እኩል ታስተላልፍ ነበር። በባጃጅ የሚሄዱት እንኳ "ሰማዩ እንዴት አደረ?" ይሉኛል። አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

መስከረም ገባ። አገሩ በሚሊኒየሙ በዓል ደምቆ ሳለ ዶክተሩ ደወሉ። በዚያን ቀን ድምፃቸው ቀልድ አልነበረበትም። እታለም ሰማችና ወደ እኔ ዞረች።

"ስሚ፣ የመስቀል ሰሞን ምሽቶች የዓመት ልፋታችን ናቸው ይላሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ማሽኑ መስማት አለበት። በነዚህ ምሽቶች ከተቋረጠ ግን ነቅለው ሌላ ከተማ ትምህርት ቤት ይወስዱታል። መምህር ይጠብቀዋል፣ በስልክ የሚናገር ሰው ያስፈልገኛል ነው የሚሉት።" ከዚያ ወደ ስልኩ "እሺ ትላለች፣ ዶክተር!" አለች። እኔ ምንም አላልኩም ነበር።

ንቡ የመጣው በቀጣዩ ሳምንት ዓርብ ቀትር ላይ ነው።

መጀመሪያ ድምፁ መጣ። አባቴ ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰው ነው፣ ዱሮ ቀፎ ሲሰቅል ወድቆ። በዚያን ቀን ግን ከመደቡ እንዴት እንደተነሳ አላየሁም፤ ግቢው መሐል ቆሞ አገኘሁት። መንጋው እንደ ጥቁር ሻሽ እየተጠቀለለ፣ እየተፈታ በቤታችን ላይ ዞረ። በታጠኑት ቀፎዎች አጠገብ አለፈ። ንቡ ቀፎዎቹን አሸተታቸውና ትቷቸው ሄዶ፣ ነጩ ቆብ ላይ አረፈ። እየተደራረበ፣ እየተንጠላጠለ እስኪሸፍነው ድረስ።

ዶክተሩ ኮረብታችንን የመረጡት ረጅም ነገር ስለሌለበት ነበር። ንቡ ደግሞ በኮረብታው ላይ ያለውን አንድያ ረጅም ነገር መረጠ።

"ተመስገን" አለ አባቴ። ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። እኔ ሮጬ ገብቼ መደቡ ሥር ጎነበስኩ። የመስኮቷ ቁጥር እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ባዶ ሆነ።

በእኛ አገር በራሱ ፈቃድ የመጣ ንብ አይባረርም። ያባረረ ቤት በረከት ዞሮ አያየውም ይባላል። መንጋ የሚያወርድ ደግሞ ወንድ ነው፤ ሴት መሰላል ላይ ወጥታ ንብ ስትነካ ታይቶ አይታወቅም። አባቴ በጉልበቱ ምክንያት አይወጣም። ፃግብጂ ያለ አንድ የንብ ባለሙያ ወዳጅ አለውና ለእሱ ሰው ላከ። መልሱ "ከመስቀል በኋላ እመጣለሁ" የሚል ነበር።

"እስከዚያ እንግዳ ነው፣ ይረፍበት" አለ አባቴ። ዓርብ ማታ ሬዲዮኑ ሲንቀጠቀጥ፣ ጣቢያው እራት ሊበላ ሲገባ፣ ጆሯችን ተደፍኖ ነበር።

ቅዳሜ ስልኩ ጮኸ። ለእታለም በሹክሹክታ ነገርኳት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

"ዶክተር! ሰማዩ ላይ ንብ ሰፍሮበታል ትላለች!" ስትል ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። "አይ፣ ቀልድ አይደለም! ንብ! ማር የሚሠራው!" አዳመጠች። ፊቷ ተለወጠና ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። "የትናንቱ ምሽት አለፈ ይላሉ። ዛሬ ማታ ከተከፈተ ደህና። ካልሆነ ግን ከልባቸው አዝነዋል፣ ይነቅሉታል።"

ዳገቱን በሩጫ ወጣሁ። አባቴ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ቀና ብሎ መንጋውን ያያል። እናቴ አጠገቡ እህል ትለቅማለች።

"አባ" አልኩት። "ንቡ ያንተ ነው። ቆቡ ግን የእኔ ነው። እኔ አወርደዋለሁ።"

አባቴ ወደ እናቴ ዞረ። "ማን ነው የተናገረው?" አላት።

"ልጅህ ናት።"

"ይቺ? እኔ ጣቢያው ተመልሶ መስሎኝ!"

አልሳቅኩም። ሳልስቅ ሲያይ እሱም ተወው። ወደ መንጋው ቀና አለ።

"ከሸሸ፣ ሌላ መንጋ በዕድሜዬ የሚመጣልኝ አይመስለኝም" አለ።

"አውቃለሁ፣ አባ።"

"ወድቀሽ እንደኔ ሽባ ብትሆኚስ?"

"ያኔ ሁለታችሁም ቁጭ ብላችሁ ሬዲዮ ትሰማላችሁ" አለች እናቴ፣ ከእህሉ ላይ ቀና ሳትል። "ሂድ መሰላሉን አምጣ።"

ፀሐይ ወደ ተራራው ስትጠጋ የአባቴን ሱሪ ታጠቅኩ፣ ጋቢውን ተከናነብኩ፣ ዓይኔ ብቻ ቀረ። ወሬው ቀድሞ ወርዶ ኖሮ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢው ዳር ተሰብስቧል። እታለምም ሱቋን ዘግታ መጥታለች።

"ሙሽራይቱ ወጣች!" አለ አንዱ።

"ሚዜዎቿ በዙ እንጂ!"

"ዝም በሉ፣ ንቡን ታስቆጡታላችሁ!" አለች እታለም፣ ከሁሉም በላይ በሚጮኸው ድምፅዋ።

አባቴ ከታች መሰላሉን ደግፎ ቆመ። እሱ ለሰው በአማርኛ፣ ለንብ በኽምጣኛ ነው የሚናገረው። እኔን "ቀስ! አትንፈሺበት!" ይልና ወዲያው ድምፁን አለስልሶ መንጋውን በኽምጣኛ ያባብላል። እኔን እንዲያ አለስልሶ አናግሮኝ አያውቅም። የታጠነውን ቀፎ በግራ እጄ ከቆቡ ሥር ያዝኩ፤ በቀኜ በወይራ ቅጠል ጠረግኩት። ግማሹ እንደ እህል ወደ ቀፎው ወረደ። ጥቂት ቆይቶ ተነሳና ተመልሶ ቆቡ ላይ ሄደ።

"አውራዋ አልገባችም" አለ አባቴ። "እሷ ካልገባች ማንም አይገባልሽም። ዋናው ክምር የት ነው?"

"ከሥር" አልኩ።

"የት?"

"ከሥር።"

"አንቺ ነሽ ወይስ ንቡ ነው እዝዝ የሚል? አሁን የሚናገረው የትኛው ነው?"

ከታች ሳቁ። ክንዴ በቀፎው ክብደት ዝሏል። ፀሐይዋ ተራራውን ነክታለች። ያን ጊዜ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ "ከገመዱ መግቢያ ሥር ነው፣ አባ! እዚያ ነው የከበቧት!" ብዬ ጮህኩ። ድምፁ የማን ነው ብዬ ራሴ ደነገጥኩ።

"እንግዲያው ቅጠሉን ጣይው። እጅሽን አስገቢና እንደ እህል ዝገኚ። እንዳትጨብጪ!"

እጄን አስገባሁ። ሞቃት ነበር፤ የሚተነፍስ ነገር ነበር። ዘገንኩና ቀፎው ውስጥ አስቀመጥኩት። ስጮህ ጋቢው ከአፌ ተገልጦ ኖሮ አንዷ ከንፈሬን፣ አንዷ ቅንድቤን ነደፈችኝ፤ ቀፎውን ግን አልለቀቅኩም። ጠበቅኩ። ቆቡ ላይ የቀሩት አንገታቸውን የሚያዞሩ ይመስላሉ። ከዚያ አንዷ ወረደች፣ ሌላዋ ተከተለች፣ ቀፎው አፍ ላይ ጭራቸውን ሽቅብ አድርገው ያራግቡ ጀመር፤ የቀሩትም የቤተ ክርስቲያን በር እንደተከፈተላቸው ሰዎች እየተጋፉ ገቡ።

"ገባች!" አልኩ። "አባ፣ ገባች!"

እታለም እልል አለች። ከቤት ውስጥ ደግሞ መደቡ ሥር የተጎነበሰችው እናቴ፣ ፊደል ያልቆጠረችው፣ "ቁጥሩ መጣ! ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን መጣ!" ብላ ጮኸች።

ቀፎውን ከጣሪያው ጥግ ሰቀልነው። ሁላችንም ደጅ እንደተቀመጥን አባቴ ሬዲዮኑን ከፈተ። ሰውዬው ጥቂት አወራ፤ ድምፁ ይዋልል፣ ይርቅ ጀመር። ቀና ብዬ ነጩን ቆብ አየሁት፤ አንድ ንብ እንኳ አልቀረበትም።

"ጣቢያው እራት ሊበላ ገባ" አለ አባቴ።

"ዛሬ ሥጋ ነው" ልለው ፈልጌ ነበር፤ ከንፈሬ ግን አብጦ አልታዘዘኝም።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ንቦቹ እግራቸው ላይ ቢጫ ይዘው ሲገቡ አየን። አባቴ እንዲህ የሚሆነው ንቡ ቤቱን ከወደደው ብቻ ነው አለ። ቀኑን ሙሉ በርጩማውን ከቀፎው ሥር አልነቀለም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ስልኩ ሲጮህ እታለም እንደ ልማዷ እጇን ዘረጋች። እኔ ቀደምኳት።

"ማን ልበል?" አሉ ዶክተሩ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ንቡን አውርጄዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የተከፈተው። ከዚያ ወዲህ አንድም ማታ አልተቋረጠም። ዓርብ ብቻ ናት የጠፋችው።"

እታለም አፏን ይዛ ታየኛለች። ከዚያ ዶክተሩ ሲስቁ ሰማሁ።

"ዓርብን ለአባትሽ ንብ እንተውላት፤ በግምት እንሞላታለን" አሉ። "ማሽኑ ከዚያ ኮረብታ አይነቃነቅም፤ ስልኩን ደግሞ በየቅዳሜው እንደዛሬው ራስሽ አንሺው። ያቺን ሴትዮ ግን አመስግኚልኝና ከስልኩ ራቅ አድርጊያት፤ ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል።"